ከድንጋዩ ወለል በታች

ተራራው ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ የሰማችው ዩን-ቺ ነበረች። የሙዚቃ ተማሪ ናት፤ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ የዝናቡን ድምፅ ስትቀዳ ድንገት አወለቀችውና ከሥራቸው የሆነ ነገር እያጓራ መሆኑን ነገረቻቸው። ወዲያው ያለፉበት መንገድ ከነዛፉ፣ ከነአለቱ ተገንድሶ ወደ ገደሉ ወረደ።

ሦስቱም አንድ ግንድ አቅፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መሬቱ ሲረጋ ኩዋን-ሊን ጭቃው ላይ ተቀምጦ ቁርጭምጭሚቱን ይዟል። የተንከባለለ ድንጋይ መትቶት እግሩ ከጫማው በላይ ማበጥ ጀምሯል።

በምሥራቅ ታይዋን የአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ናቸው፤ እዚህ ተራራ ላይ ያወጣቸው የመመረቂያ ጥናት ነው። ኩዋን-ሊን ባዮሎጂ ስለሚያጠና የጥቁር ድብ ጠጉር ይፈልጋል። ዩን-ቺ የጫካውን ድምፅ ቀድታ ዜማ ልትሠራበት አስባለች። የታሪክ ተማሪዋ ሳቪ ከደሴቲቱ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቡኑን ተወላጅ ናት፤ ቅድመ አያቶቿ ጃፓኖች ደሴቲቱን በገዙበት ዘመን ተገደው የለቀቁትን ኢሲላን የሚባለውን መንደር ለክታ ልትስል ነው የመጣችው። ሦስቱ ትምህርት ክፍሎች አንድ ቦታ ላይ አብረው ይሥሩ የሚለው ሐሳብም የእሷ ነበር። ስለዚህ አሁን ሁለቱም የሚያዩት እሷን ነው።

መመለሻ የለም፤ ስልክም አይሠራም። ሳቪ ከመንደሩ ጀርባ ወደ ወንዙ የሚወርድ የአዳኞች መንገድ እንዳለ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ የጥበቃ ጣቢያ እንደሚገኝ ነገረቻቸው። መንገዱን በእግሯ ረግጣው አታውቅም፤ አያቷ ሲያወሩ ነው የሰማችው። ይህን ግን አልነገረቻቸውም።

ኩዋን-ሊንን በየተራ ደግፈው ጉም ውስጥ ገቡ። አልቅቱ ካልሲያቸውን አልፎ ይጣበቅባቸዋል። ሳቪ ከፊት ሆና ሣሩን በዱላ እየከፈለች፣ የምትረግጠው መንገድ ይሁን የውሃ መውረጃ ሳታውቅ ትሄዳለች። ባሉጥ ዛፎች መሀል ሲደርሱ ከላይ የቅርንጫፍ መሰበር ተሰማ። አንድ የድብ ግልገል ግንዱን እየቧጠጠ ወረደና እፊታቸው ዱብ አለ።

እናቲቱ ከኋላው ከቁጥቋጦው ወጣች። ደረቷ ላይ ነጭ ጨረቃ የመሰለ ምልክት አለ። ትንፋሿን በኃይል እያስወጣች መሬቱን በእጇ መታች።

ኩዋን-ሊን ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ድብ ሲያነብ ኖሯል። ድብ ሲያጋጥም መሮጥ እንደሌለባቸው፣ ረጋ ብለው እያወሩ ወደ ኋላ መሄድ እንዳለባቸው ከመነሳታቸው በፊት ያስጠናቸው እሱ ነው። አሁን አፉ ተከፍቶ ድምፅ አልወጣውም፤ ሱሪው ረጠበ። ዩን-ቺ ከፍርሃቷ የተነሳ በአፍንጫዋ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ማቆምም አቃታት። ሳቪ የሁለቱንም እጅ ይዛ እርምጃ በእርምጃ ወደ ኋላ ጎተተቻቸው። እናቲቱ ድብ ጆሮዋን አዙራ እንጉርጉሮውን አዳመጠችና ልጇን በአፍንጫዋ እየገፋች ቁልቁል ሄደች።

ግንዱ ላይ ጥቁር ጠጉር ተሰክቶ ቀርቷል። ኩዋን-ሊን በአጠገቡ ሲያልፍ እጁን እንኳ አልዘረጋም።

ወደ ማታ ላይ የኢሲላን የድንጋይ ግድግዳዎች ከጉሙ ብቅ አሉ። ጣሪያቸው ወድቆ የድንጋይ ሽበት ወርሷቸዋል። ከአንዱ ቤት ግን ጭስ ይወጣል። ዩን-ቺ በደስታ ወደዚያ ቀደመች፤ ሳቪ ልትይዛት ስትል ዘገየች።

ውስጥ ሦስት ወንዶች እሳት ዙሪያ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ተቆርጦ የተከመረው የቀይ ጥድ ጉማጅ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። የእንጨት ሌቦች ናቸው። አለቃቸው ጥርሱ በሚያኝከው ፍሬ ቀልቶ እየሳቀ «እንግዳ መጣልን» አለ። ስልካቸውን ሰበሰበ። የዩን-ቺን መቅጃ አገላብጦ አየና እሳቱ ላይ የተጣደው ሾርባ ውስጥ ከተተው።

ኩዋን-ሊን እየተንተባተበ መምህሮቻቸው ያሉበትን እንደሚያውቁ፣ መጥተው እንደሚፈልጓቸው ነገረው።

«ይፈልጓችሁ እንጂ» አለ አለቃው። «መሬት ተንዶ ሦስት ተማሪ ዋጠ ቢባል ማን ይገረማል?»

ሳቪ ይህን አልሰማችም ማለት ይቻላል። መጋዙን አጠገቡ ወለሉ ላይ አስቀምጦ እሳቱን የሚቆሰቁሰውን ሦስተኛውን ሰው እያየች ነበር። የእናቷ የአክስት ልጅ ዲያንግ ነው። ሞተር ብስክሌት መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። አንገቱን ደፍቶ እንደማያውቃት ሆነ። እሷም በመንደራቸው ቋንቋ አናገረችው፤ ሌሎቹ ቡኑንኛ አይሰሙም።

«አጎቴ፣ የማን ቤት ውስጥ እንዳለህ ታውቃለህ?»

«ዝም በይ። እንዳላወቅሽኝ ሁኚ።»

«ቤቱ የቅድመ አያቶቻችን ነው። መጋዙን ያስቀመጥከው እላያቸው ላይ ነው።»

ቡኑኖች ድሮ የሞተባቸውን ሰው ከቤት አያርቁም ነበር፤ የወለሉን ድንጋይ አንስተው እዚያው ቀብረው፣ እላዩ ላይ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ። ዲያንግ ይህን ከእሷ የበለጠ ያውቃል። የተቀመጠበትን ጥቁር ድንጋይ አየ። እግሩን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

አለቃው ምን እንደምትል ጠየቀው። «ርቦኛል ነው የምትለው» አለ ዲያንግ። ከዚያ ተነስቶ ገጀራውን አነሳና ገደሉ ቅርብ ስለሆነ ጉዳዩን እሱ እንደሚጨርሰው ተናገረ። አለቃው ፊቱን ለረጅም ጊዜ አጠናው፤ ከዚያ በእጁ ሂድ አለው።

«ቅደሙ» አለ ዲያንግ።

ሦስቱ ከፊት፣ እሱ ገጀራውን ይዞ ከኋላ። የሚሰማው የኩዋን-ሊን ማቃሰትና ከኋላቸው የሚረግጠው ጫማ ብቻ ነው። ዩን-ቺ ወደ ሳቪ ጆሮ ተጠግታ ሰውየው ይገድለን ይሆን ብላ ጠየቀቻት። ሳቪ አላውቅም አለች፤ በዚያ ቀን የሰጠችው የመጀመሪያው ቀጥተኛ መልስ ይኸው ነበር። መንገዱን ሄጄበት አላውቅም፣ ዋሸኋችሁ፣ ብላ ጨመረች።

ገደሉ አፋፍ ላይ ቁሙ አላቸው። ቆሙ። ከታች ወንዙ ያገሳል። ሳቪ ገጀራው ወደ ሰገባው ሲገባ ሰማች፤ ዞር ስትል ዲያንግ ኩዋን-ሊን ፊት በርከክ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶታል።

«ውጣ» አለው። «አንገቴን አትነቅ።»

የአዳኞቹ መንገድ እውነትም ነበር፤ ሰው የማያየው ጠባብ ቁልቁለት ነው። ወንዙ ላይ የቀረው ድልድይ ሁለት ሽቦና አልፎ አልፎ የበሰበሰ ሳንቃ ነው። ዲያንግ ኩዋን-ሊንን ተሸክሞ፣ በአንድ እጁ ሽቦውን፣ በሌላው ሳቪን ይዞ ገባበት፤ ዩን-ቺ የሳቪን ቦርሳ ጨብጣ ተከተለች። ጎርፉ ከእግራቸው ሥር ሙሉ ዛፍ ይዞ ያልፋል። መሀል ላይ አንዱ ሳንቃ ከሳቪ እግር ሥር ተነቀለና ወደቀች፤ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ያዛት። እግሯ ማረፊያ እስኪያገኝ ጠበቃት።

ማዶ ሲደርሱ ኩዋን-ሊንን አወረደ። ካልተመለሰ ሰዎቹ ተከትለዋቸው እንደሚመጡ ነገራት። ከዚያ ዓይኗን ሳያይ፣

«ሲጠይቁሽ ፊታቸውን አላየሁም በይ» አላት።

 ድልድዩን ተሻግሮ ጉሙ እስኪውጠው ሳቪ ቆማ አየችው።

የጥበቃ ጣቢያው ውስጥ ብርድ ልብስና ትኩስ ሻይ ሰጧቸው። መኮንኑ ያገኟቸውን ሰዎች ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቀ። ኩዋን-ሊንና ዩን-ቺ ነገሩን ለሳቪ ተዉላት። እሷም የሻዩን ኩባያ አስቀመጠች። የአጎቷን ስም ከነጎሳው ተናገረች።

ዲያንግ በማግስቱ ከእንጨቱ ጋር ተያዘ። የሳቪ እናት ለወራት አላናገረቻትም፤ በመንደሩም ሰላምታዋን የማይቀበሏት በዙ። ያም ሆኖ ውሃው ሲጎድል ከጠባቂዎች ጋር ተመልሳ ኢሲላንን ለካች፤ ሥዕሉንም ከዩኒቨርሲቲው አስቀድማ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ዘረጋችው። የመጡት ጥቂት ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ የዲያንግ እናት ነበሩ።

አሮጊቷ ከዘራቸውን እየተደገፉ ሁሉም እስኪወጣ ጠበቁ። ሳቪ አጠገባቸው ሄዳ ቆመች። የሚመቷት መስሏት ነበር።

«ልጁን ተሸክሞት ተሻገረ ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አያቴ። እኔንም ስወድቅ ያዘኝ።»

«ያንን ለዳኛው ተናግረሻል?»

«የጠየቀኝ የለም።»

አሮጊቷ አጠገባቸው ያለውን ወንበር በከዘራቸው ጎተት አድርገው እንድትቀመጥ ጠቆሟት።

«ስሙን ስትናገሪ ማን ጠየቀሽ ብዬ አልተቆጣሁሽም» አሏት። «ጥፋቱን ተናግረሻል፤ ደግ አደረግሽ። ይሄንንም ሄደሽ ተናገሪ።»

ችሎቱ በተሰየመበት ጠዋት ሳቪ ሳትጠራ ሄዳ እጇን አነሳች።