ስሜን የነገርኩት አምባዛ

ማመን አለማመን የናንተ ነው። እኔ ግን ወላሂ፣ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው የምነግራችሁ።

1980 ዓ.ም.፣ ሐይቅ ከተማ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል...

ጊዜው የአፈሳ ነው። ወጣት የተባለ ሁሉ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይጫናል። ዓሣ አጥማጁ አጎቴ ሰላሀዲን ቤቱ ደበቀኝ። ሰው የለም እንዲባል በሩን ከውጭ ቆልፎብኝ ይሄዳል።

ውስጥ የምንቀረው እኔና አምባዛው ነን።

አጎቴ ከሐይቁ ከነሕይወቱ ያወጣው ነው። ቁመቱ ደረቴ ድረስ ይሆናል። ግድግዳውን በያዘ የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ መዞሪያ አጥቶ፣ ጢሙን እያወዛወዘ ይኖራል።

"የኔ ሸጋ፣ እሱ ፊት ስምህን እንዳትጠራ" አለኝ አጎቴ። "እኛም ታንኳ ላይ ስም አንጠራራም። አንተዬ፣ አንተዬ ነው የምንባባል።"

"ለምን?"

"ይሰማላ!"

ሳቅኩበት። አስራ አንደኛ ክፍል የደረሰ ሰው ይህን ያምናል?

ብቸኝነቱ ሲብስብኝ ለአምባዛው ማውራት ጀመርኩ። ያነበብኩትን... ያለምኩትን... አንድ ቀን "ዘይኑ እባላለሁ" አልኩት።

ጢሙ ቀጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ከኔ አልነቀለም። ስተነፍስ አብሮኝ አፉን ይከፍታል፣ አብሮኝ ይገጥማል። ጧት ስነሳ መስታወቱ ላይ የመዳፍ አሻራ አገኛለሁ።

ከውስጥ በኩል።

የዚያን ዕለት፣ በስምንት ሰዓት፣ የበሩ ቁልፍ ተሰበረ።

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ገቡ። አንዱ ፈንታሁን ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የተማርን። መደበቂያ ጊዜ አላገኘሁም። መሀል ቤት ቆሜ ቀረሁ።

አየኝ...

አልፎኝ ሄደ። ገንዳው ላይ ጎንበስ አለ።

"ዘይኑ! ከዓሣ ጋር ጎጆ ወጣህ እንዴ? ና፣ ውጣ!"

"አቤት" አለ ከውሃው ውስጥ።

የኔ ድምፅ ነው።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

ክንዱን ይዘው ሲያወጡት አየሁ። የኔ ጀርባ፣ የኔ አንገት... ውሃ እየተንጠባጠበ ሄደ።

አጎቴ እየሮጠ ደረሰ።

"ልጄን ወሰዱብኝ!" ብሎ ደረቱን ደቃ።

እኔ ነኝ ልለው ሞከርኩ፤ ከአፌ ዳር ረጅም ጢም ብቻ ተወዛወዘ።

ቀና ብሎ አየኝ። ቀስ ብሎ ወደ ኋላው አፈገፈገ። ከያዘው መረብ አንዲት ነፍሷ ያልወጣ ቆሮሶ ዓሣ አወጣና እግሬ ስር ወረወረልኝ።

"ብላ..." አለ በሹክሹክታ። "ብላና እኔን ተወኝ።"

ቆሮሶዋ ወለሉ ላይ ትፈራገጣለች።

አፌ ምራቅ ሞላ።