የማሩ አንገት

የትራክተር ሾፌሩ ማሩ በ1975 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ከኮኪት ወጣ ብሎ ባለ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ውስጥ፣ በወጌሻዋ ምንጣፍ ላይ አንገቱ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ሞቶ ተገኘ። ምክትል መቶ አለቃ ጸዳለ ከመተማ ዮሐንስ ፖሊስ ጣቢያ በጭነት መኪና ተሳፍራ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትደርስ፣ ሠራተኞቹ ወጌሻዋን ወይዘሮ ባፈናን ከግራር ግንድ ጋር ጠፍረው አስረዋቸው ነበር። አንዱ ዱላ ይዟል፤ ሌላው ድንጋይ።

«ፍቷቸው» አለች ጸዳለ።

ማንም ንቅንቅ አላለም። የካምፑ ኃላፊ ጓድ ፈረደ ከሰው መሀል ወጣና ከእግር እስከ ራሷ ገረመማት።

«ገዳይዋ ተይዛለች። አንቺ የመጣሽው ወረቀቱን ለመጻፍ ነው። ለመሆኑ ጣቢያው ወንድ አጥቶ ነው አንቺን የላከ?»

«ወንዶቹ ድንበር ላይ ናቸው። ገመዱን ያስፈቱ፣ ጓድ ፈረደ። ደግሜ አልናገርም።»

ፈረደ ምራቁን ጢቅ አደረገና ለአንዱ በአገጩ ጠቆመው። ገመዱ ተፈታ።

ሬሳው በወጌሻዋ ምንጣፍ ላይ፣ ከማሽላ አገዳ በተሠራ ትንሽ ጥላ ሥር፣ በደረቱ ተኝቷል። ጸዳለ አጠገቡ ተንበረከከች። መጀመሪያ አንገቱን አየች፤ የጣት አሻራ የለበትም፤ የበለዘ ነገርም የለበትም። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ከላብ ሌላ ምንም አይሸትም። ቀጥላ እጆቹን ተመለከተች። በዚያ ሰው በሚያቀልጥ ሙቀት የቀኝ እጅጌው እስከ ክንዱ ተጠቅልሏል፤ የግራው ግን እስከ አንጓው ወርዶ ተቆልፏል። ቁልፉን ፈታችና እጅጌውን ገለጠችው። ክርኑ መታጠፊያ ላይ፣ ከደም ሥሩ በላይ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል የደረቀች ደም አለች።

እጅጌውን መልሳ ቆለፈችውና ተነሳች።

ወይዘሮ ባፈና በርሜል ተደግፈው አንጓቸውን ያሻሻሉ። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል።

«ማሩን ዛሬ አሽተውታል?» አለች ጸዳለ።

«ከነሕይወቱ መች አየሁት! ስድስት ሰዓት ላይ ጨው ልገዛ አብዱልሀኪም ሱቅ ሄድሁ። ስመለስ ምንጣፌ ላይ እንደዚያ ሆኖ አገኘሁት። ጩኸቴን ሰምተው የመጡት ናቸው ያሰሩኝ።»

«ሠራተኞቹ እንደሚሉት አብዱልሀኪም ግን አላየኋትም ብሏል።»

«ፈረደ ፊት ቆሞ ምን ይበል? ሱቁን የሚያዘጋው እሱ አይዶለም?»

«የማሩ ሕመም ምን ነበር?»

«ራሴን ነው የሚል። ግራውን ብቻ። ከዚህ ይነሳና» አሉ፣ አውራ ጣታቸውን በጸዳለ ማጅራት ላይ፣ ከራስ ቅሏ ግርጌ አሳርፈው፣ «ዞሮ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን እዚህ ላይ ጫን ባደርገው፣ ‹ይኸው! እሱው ነው! ዓይኔን ወጋኝ!› ብሎ ጮኸ። ነገሩ ከአንገቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ዐወቅሁ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ትራክተር ላይ ተቀምጦ፣ ማረሻውን ለማየት ወደ ኋላ ሲጠማዘዝ የኖረ ሰው ነው። እንኳን አንገት ብረትም ይላላል።»

«ታዲያ እንዴት ነበር የሚያክሙት?»

«መጀመሪያ በሰሊጥ ዘይት ማጅራቱን እቀባለሁ። ዘይት ያልነካውን ሰው እጄም አይነካው። ከዚያ ጨው አሙቄ በጨርቅ ቋጥሬ አሳርፍበታለሁ፤ ቀስ አድርጌም አሻለሁ። መጠምዘዝ የለም። የሰው አንገት የዶሮ አይዶለም፣ ልጄ።»

የማሩ ሚስት ውባንች በጎጆዋ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጸዳለን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«አሮጊቷን ፈታሻት አሉ። ባሌን የገደለችውን!»

«ማን እንደገደለው አላወቅሁም። ንገሪኝና ልወቅ። እንዴት ነበር የሚተኛው?»

ውባንችን ጥያቄው ግራ አጋባት። «በቀኝ ጎኑ። ወደ ግራ መዞር ካቆመ ሁለት ወር አልፎታል። ሲጠሩት እንኳ ከነትከሻው፣ ከነወገቡ ነው የሚዞር። እኔ ሰነፍክ እያልሁ ስነዘንዘው... የክሊኒኩ ደምለው ወባ ነው እያለ መርፌውን ይወጋዋል፣ እሱ ማታ ማታ ግድግዳውን በራሱ ይመታል። በመጨረሻ ጎንደር ሄደና ወረቀት ይዞ መጣ።»

«ወረቀቱ የት አለ?»

«ሁለት ነበር። አንዱን፣ የወባ መድኃኒት ይቁም ብቻ የሚለውን አጭሩን፣ ለክሊኒኩ ሰጥቷል። ይሄን ለእኔ ደብቂው አለኝ። ‹ቅዳሜ በስብሰባው ላይ የምጠይቀው ነገር አለ› ብሎኝ ነበር።»

ከጡቷ መሀል አውጥታ ሰጠቻት። ጸዳለ ለራሷ አነበበችው። የጎንደሩ ሐኪም እንዲህ ብሏል፤ የራስ ምታቱ መነሻ የላይኞቹ የአንገት አጥንቶች መጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያውን ሲጫኑት ያው ሕመም ይቀሰቀሳል። አንገቱ ወደ ግራ ፈጽሞ አይዞርም። ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ በደሙ ወባ የለም፤ የወባ መድኃኒት ይቁም። ትራክተር መንዳቱን ትቶ ሌላ ሥራ ይሰጠው። ሙቀት ይያዝበት፤ የተነገረውን የአንገት እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ ይሥራ፤ አንገቱን ማንም በኃይል እንዳይጠመዝዘው።

የካምፑ ክሊኒክ የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰሩ ደምለው፣ በታጠበ ነጭ ጋዋን ተቀበላት። ወንበር አላቀረበላትም።

«መሀይም አሮጊት ሰው ስትሰብር ዝም እንዲባል ነው የሚፈለገው?» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ስንት ጊዜ አመለከትሁ! ሰሚ የለም።»

«ማሩ ምን ነበረበት?»

«ወባ። እየተመላለሰ የሚነሳ ወባ።»

«ደሙን አይተሃል?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየጊዜው።» በመደርደሪያው ላይ ወዳለ የተቆለፈ የእንጨት ሳጥን ጠቆመ። «በማይክሮስኮፕ።»

ጸዳለ ሳጥኑን አየችው። አቧራው ላይ ስም መጻፍ ይቻላል።

«ለመጨረሻ ጊዜ መርፌ የወጋኸው መቼ ነው?»

«ጎንደር ሳይሄድ። ወር ያልፈዋል።»

«ዛሬስ አየኸው?»

«አዎ፣ ስድስት ሰዓት ላይ። የትራክተሩ ተሳቢ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ከኋላው ጠራሁት።»

«እሱ መሆኑን በምን ለየህ?»

«ፊቱን አይቼ ነዋ! ከመቀመጫው ንቅንቅ ሳይል አንገቱን በግራ ትከሻው ላይ ዞር አድርጎ፣ ‹ባፈና ልታሸኝ ነው› አለኝ። ተው ብለው አልሰማኝም።»

«ይበቃል» አለች ጸዳለ። «ሳጥኑን ይዘህ ወደ ስብሰባው ዳስ ና።»

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ካምፑ በሙሉ ዳሱ ሥር ተሰብስቧል። ሥራቸው ስለታጎለ ያጉረመርማሉ። አንዱ ከኋላ፣ «አሮጊቷን ስጡንና እንገላገል!» ብሎ ጮኸ። ሌሎችም ተቀበሉት። ፈረደ ዝም አሰኛቸው እንጂ አልተቆጣቸውም።

«በምሳ ሰዓት ከዚህ ዳስ ሥር የተኛችሁ እጃችሁን አውጡ» አለች ጸዳለ።

ሃያ የሚሆኑ እጆች ወጡ።

«የወይዘሮ ባፈና ምንጣፍ ከዚህ ዐሥራ አምስት ርምጃ ነው። ማሩ ሲጮኽ የሰማ አለ?»

የለም።

«የማሩ አንገት ወደ ግራ አይዞርም ነበር፤ የሐኪሙ ወረቀት ይኸው። ጣት ሲያርፍበት የሚጮኽ ሰው ነው። ከነነፍሱ ቢጠመዝዙት ጩኸቱ ኮኪት ድረስ በተሰማ። ዝም ያለው ሞቶ ስለነበር ነው። አንገቱ ላይ የበለዘ የለም፤ የሞተ ሰው አይበልዝምና። ወይዘሮ ባፈና ደግሞ ያለ ዘይት ሰው አይነኩም። የታሹ እስቲ ተናገሩ፤ ውሸት ነው?»

«እውነት ነው» አለ አንድ ሾፌር ሳይወድ በግዱ።

«የማሩ ማጅራት ላይ ጠብታ ዘይት የለም። ዛሬ አልነኩትም ማለት ነው። አብዱልሀኪም፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት እኚህ ሴት የት ነበሩ?»

ነጋዴው ፈረደን አየ፤ ከዚያ መሬቱን። «ሱቄ ነበሩ። ጨው እስካመጣ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ወላሂ፣ ፈርቼ ነው የዋሸሁት። ኸላስ፣ በቃ፣ ተናገርሁ።»

ጸዳለ ወደ ድሬሰሩ ዞረች።

«ደምለው» አለች ጸዳለ፣ «ከጥዋት ጀምሮ ራሴን አሞኛል። ወባ ይሆናል። እዚሁ ደሜን እይልኝ።»

«አሁን? በዚህ አቧራ?»

«አሁን። ሳጥኑን ክፈተው።»

«ቁልፉ... ቁልፉ ጠፍቶብኛል።»

ጸዳለ የትራክተር መፍቻ ተቀብላ ቁልፉን ገነጠለችው። ከሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ጡቦች ወጡ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ደም ያየው በእነዚህ ነው» አለች ጡቦቹን ከፍ አድርጋ። «ማይክሮስኮፑ ተሽጦ ድንበር ተሻግሯል። ማሩ የጎንደሩን ወረቀት ሲሰጠው፣ ደሜን በምን አየኸው ብሎ ጠይቆታል። ቅዳሜ በስብሰባው ላይ ሊደግመው ነበር። የመንግሥት ዕቃ ማሻገር አሻጥር ነው፤ አሻጥር ምን እንደሚያስከትል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዛሬ ማሩ በሕመም ሲወራጭ አገኘውና ማስታገሻ ነው ብሎ በግራ ክንዱ ደም ሥር ወጋው። ልብ የሚያቆም ነገር ነበር። ከዚያ በወይዘሮ ባፈና እንዲሳበብ በምንጣፋቸው ላይ አስተኛውና አንገቱን ጠመዘዘው። የመርፌው ቀዳዳ እንዳይታይም እጅጌውን ቆለፈ። ክንዱ ላይ የደረቀው ደም የዛሬ ነው፤ ወር ሙሉ አልወጋሁትም ያለኝ ደግሞ እሱ ነው።»

«ማስረጃ የለሽም! ማንም ሊወጋው ይችላል!» አለ ደምለው።

«ስድስት ሰዓት ላይ አንገቱን በግራ ትከሻው ላይ አዙሮ አየኝ ያልከኝ አንተ ነህ። ሚስቱ ታውቃለች፣ ወጌሻዋ ታውቃለች፣ ሾፌሮቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ማሩ እንደዚያ መዞር ካቆመ ሁለት ወር አልፎታል። ያላወቅኸው አንተ ብቻ ነህ። ሁለት ዓመት ስታክመው አንድ ቀን እንኳ አንገቱን አልነካኸውም።»

ደምለው ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ሊያስረሽነኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ፊደል ያልቆጠረ ትራክተር ነጂ እኔን ሊመረምር! ለአንድ ብረት ብለው ይረሽኑኝ ነበር!»

ሰዉ ተንጋግቶ ተነሳ። ያው ዱላ፣ ያው ድንጋይ። ጸዳለ ሽጉጧን አውጥታ ከደምለው ፊት ቆመች።

«አንዴ ተሳስታችኋል። ሁለተኛ አትሞክሩት።»

እጁን አስራ ወደ ጭነት መኪናው ስትወስደው ፈረደ ከጎኗ ተጣበቀ። «መቶ አለቃ» አለ፣ አሁን በአንቱታ፣ «የማይክሮስኮፑን ነገር በሪፖርትዎ ባያነሱት... ለካምፑ ስም ብለው።»

«እርስዎም ይሳፈሩ፣ ጓድ ፈረደ። ሳጥኑን ሳይከፍቱ ለምን ሁለት ዓመት እንደቆዩ መተማ ላይ ይነግሩናል።»

ሞተሩ ሲነሳ ውባንች እየሮጠች መጣች። ወደ ደምለው አላየችም፤ ጸዳለ የያዘችውን ወረቀት ነበር የምታየው።

«ሐኪሙ ይድናል ብሏል?»

ጸዳለ መዋሸት አማራት። ግን አልዋሸችም። «እንደታዘዘው ካደረገ በሦስት ወር ይሻለዋል ይላል።»

ውባንች በጣቶቿ ቆጠረች። ቆጥራ ስትጨርስ ወደ መኪናው ጠርዝ ተጠግታ ደምለውን ቀና ብላ አየችው።

«ለጥር» አለችው። «ለጥር ይድን ነበር።»

ደምለው ፊቱን አዞረ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።