የተበየደው በር

መምህር ሶያማ የሞቱት በተበየደ በር ጀርባ ነው። ሰበታ፣ ከወጣቶች ማረሚያ የወጡ ልጆች በረጂ ድጋፍ ብየዳ በሚማሩበት ግቢ፣ ማታ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ክፍል እንደገቡ አንድ ሰው የብረቱን በር ከውጭ በየደባቸው። የጄኔሬተሩ ጭስ ጨረሳቸው።

ጠዋት ኢንስፔክተር ውብአየሁ ስትደርስ ሠልጣኙ ጌዲ በካቴና ታስሮ ጠበቃት። ፖሊሶቹ ሌላ ማንን ይያዙ? ልጁ ብየዳ ያውቃል፤ ግቢው ውስጥ የሚያድረውም እሱ ብቻ ነው። ዳኛው «ወይ ሥልጠናህን ጨርስ፣ ወይ ተመለስ» ብለውታል፤ ዐሥራ ስምንት ስለሞላው መመለሻው ከትልልቆቹ እስረኞች ጋር ነው።

«ምንም አልሰማህም?» አለችው።

«ጄኔሬተሩን ብቻ። መምህር የሚሠሩ መስሎኝ ተኛሁ።»

ውብአየሁ ጉልበቷ እየተንቋቋ (እሷ ግን አርጅቻለሁ አትልም) ቁጢጥ ብላ ብየዳውን ዳሰሰች። «ይህን አንተ ብትሠራው መምህርህ ምን ይሉህ ነበር?»

«‹የዶሮ ኩስ!› ብለው በመዶሻ ያስፈርሱኝ ነበር።»

አስተባባሪው አቶ ፍቅረሥላሴ ዓይኑን በመሐረብ እየጠራረገ ጣልቃ ገባ። «ሆን ብሎ አበላሽቶትስ ቢሆን? እነዚህን ልጆች አያውቋቸውም።»

«እሱስ ልክ ነዎት» ብላ ወደ ንብረት ክፍሏ ራህመት ዞረች። «የብየዳ ጭምብሎቹስ?»

«ሁሉንም ተረክቤ፣ ቆልፌ፣ ቁልፉን ይዤ ቡራዩ ቤቴ ገባሁ። ዛሬም የከፈትኩት እኔው ነኝ። ወላሂ፣ አንድም አልጎደለም! መምህር ግን ትናንት ተቆጥተው ነበር። ‹ነገ ረጂዎቹ ሲመጡ፣ በልጆቹ ቦታ የሰው ዘመድ መግባቱን እነግራቸዋለሁ› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ውብአየሁ ሦስቱንም ጠባቧ ቢሮ አስገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጠችው፤ ፀሐዩ ገባ። ጌዲና ራህመት ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። ፍቅረሥላሴ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«በሉ ስሙኝ» አለች። «ጭምብሎቹ ተቆልፈዋል። ስለዚህ ሰውዬው በባዶ ዓይኑ ነው የበየደው። የብየዳ ብርሃን ያየ ዓይን ያኔ ምንም አይሰማውም፤ አድሮ ነው አሸዋ እንደሞላበት የሚቆረቁረው። የጌዲ ዓይን ደህና ነው። የራህመትም። አቶ ፍቅረሥላሴ፣ የእርስዎስ?»

«ለሥራ ባልደረባዬ ማልቀስ ወንጀል ሆነ?»

«ሐዘን ፀሐይ አያስጠላም። እስቲ ዓይንዎን ከፍተው ይዩኝ።»

አልቻለም። «የእህቶቼን ልጆች ነው ያስገባሁት» አለ፣ ለግድግዳው። «እንግዶቹ እስኪሄዱ ላቆያቸው ብዬ እንጂ…»

«ጄኔሬተሩ እየሠራ?»



ካቴናው ከጌዲ እጅ ወጥቶ ወደ ፍቅረሥላሴ ዞረ። «ሂድ እንግዲህ» አለችው ልጁን። ጌዲ ንቅንቅ አላለም።

«ወዴት? ዳኛው ሥልጠና ጨርስ ነው ያሉኝ። መምህር ሞቱ። ግቢው ሊታሸግ ነው።»

«ለዳኛው እኔ አስረዳለሁ።»

«እስከዚያ የት ልደር?»

ውብአየሁ ሳታስበው በመስኮቱ የፖሊሱን መኪና አየች። ጌዲም አየው። ማንም ሳያዘው ሄዶ ከኋላ ገባና በሩን በራሱ እጅ ዘጋው።