ተናጋሪ ሦስት

እኔ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ ከሚሉ ሰዎች ጋር ማኪያቶ እንኳ አብሬ መጠጣት የማልወድ ሴት ነኝ፣ ጎረቤቴ «ቤቴ ውስጥ የማይታይ ነገር ዕቃ ያንኳኳል» ብላ ስታለቅስብኝ «አይጥ ነው፣ ወጥመድ ግዢ» ብያት ሁለት ወር ሙሉ ተኮራርፈናል፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሰምታችሁ ይቺ ሴትዮ ነካ አድርጓታል ብትሉ አልቀየማችሁም፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም የምለው ይህንኑ ነበር።

ትዕግሥት እባላለሁ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ባለች አንዲት አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሥራዬ ካርድ ነው፣ የመጽሐፉን ስም፣ የደራሲውን ስም፣ የመደርደሪያውን ቁጥር በእጄ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ መደርደር፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብትጠይቁኝ የትኛው ካርድ የት እንዳለ እነግራችኋለሁ። አምና አዲስ ኃላፊ መጣልንና፣ አቶ ናሆም ይባላል፣ ሰብስቦን «ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ነው፣ አዲሶቹን ፕሮግራሞች እስከ ጳጉሜ ያልቻለ ንብረት ክፍል ይገባል» አለን። ንብረት ክፍል ማለት እኛ ዘንድ የተሰበረ ወንበር እየጠበቁ ጡረታን መጠበቅ ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ ከመጽሐፍ ተለይቼ የምውልበትን ቀን ማሰብ አልችልም።

መመዝገቢያውን እንደ ምንም ለመድኩት፣ ለአንባቢ መልስ የሚላክበትንም ለመድኩት፣ ያስቸገረኝ ሰው ሲናገር እየሰማ የሚጽፈው ፕሮግራም ነው። በፈረሱት የፒያሳ ሰፈሮች ይኖሩ የነበሩ ሰዎችን ታሪክ ልንሰበስብ ስለነበር አቶ ናሆም በዚህ ፕሮግራም ላይ ሙጭጭ ብሏል፣ ማይኩን ታበራላችሁ፣ ሰው ያወራል፣ ፊደሉ ራሱ ስክሪኑ ላይ ይዘረገፋል፣ ድምፅ እየለየም «ተናጋሪ አንድ»፣ «ተናጋሪ ሁለት» ይላል። እመኑኝ፣ መጀመሪያ ቀን «ስሜ ትዕግሥት ነው» ስለው «ስሜት እግር ነው» ብሎ ጽፎልኝ ቢሮው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ናሆም አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል፣ «ኢንተርኔት ከተቋረጠ አንዲት ፊደል አይጽፍም፣ ስለዚህ መስመሩን ቶሎ ቶሎ እዪ»። ይህችን ያዙልኝ።

የመጀመሪያ እንግዳዬ ጋሽ ነስሩ ነበሩ። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው፣ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ፒያሳ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው፣ ሱቃቸው ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ቢገቡም በየሐሙሱ ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተው የንባብ ክፍላችን ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው አያነቡም፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። «ታሪክዎን ይንገሩኝ» ስላቸው «የእኔ ምን ታሪክ አለው፣ ሜትርና መቀስ ነው» ብለው ሳቁ፣ ግን እሺ አሉኝ።

ነሐሴ ነው፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ውጭው ዝናብ ነው። ድምፅ ለመቅዳት የተመረጠችው ክፍል ምድር ቤት ያለችው ናት፣ ግድግዳዋ ድንጋይ፣ መስኮት የላትም፣ አንድ ወፍራም የእንጨት በር ብቻ፣ የመኪና ጥሩምባ አይገባባትም ተብሎ ነው። ስልክ ይረብሻል ስለተባልኩ ስልኬን ፎቅ ጠረጴዛዬ ላይ ትቼ ወረድኩ፣ ጋሽ ነስሩ ድሮም ስልካቸውን ቤት ነው የሚተውት። በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁት፣ አልቆለፍኩትም፣ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው፣ ይህንንም እምላለሁ።

ጋሽ ነስሩ ጀመሩ፣ ከአገር ቤት እንዴት እንደመጡ፣ መጀመሪያ ውቤ በረሃ ለቡና ቤት ሴቶች ሻሽ እያዞሩ እንደሸጡ፣ በኋላ ሱቅ እንደከፈቱ፣ ማሽኑም በሚገባ ይጽፋል፣ እኔ በልቤ አለፍኩ፣ ንብረት ክፍል ቀረ እያልኩ ነው። «ሱቃችን ከጫማ ሰፊው ጎን ነበር» አሉ። ስክሪኑ ላይ ከእሳቸው መስመር ሥር ሌላ መስመር ወጣ፣ «ተናጋሪ ሦስት፦ አይደለም»።

ኮሪደር ላይ ሰው አውርቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ቀጠሉ። መስመሩም ቀጠለ፣ «ተናጋሪ ሦስት፦ ከሰዓት ሠሪው ጎን ነው»።

ሳቄ መጣና «ጋሽ ነስሩ፣ ማሽኑ እያረመዎት ነው፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን ነው ይላል» አልኳቸው፣ እንደ ቀልድ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ማን ነገረሽ?»

«ማሽኑ ነዋ። ስህተት ነው፣ የኔንም ስም እግር አድርጎታል።»

«ስህተት አይደለም» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጫማ ሰፊው በኋላ ነው የመጣው፣ ስንከፍት ሰዓት ሠሪ ነበር፣ እኔ ራሴ ረስቼው ነው።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው በራ፣ ክፍሉ የስክሪኑ ብርሃን ብቻ ሆነ፣ እዚያ ጥግ ላይ የኢንተርኔቷ ምልክት ተሰርዛለች፣ አየኋት፣ ደጋግሜ አየኋት፣ መስመር የለም። «እንውጣ ጋሼ፣ መብራት ሲመጣ እንቀጥላለን» ብዬ ተነሣሁና በሩን ሳብኩት። አልተነቃነቀም። በዝናቡ እንጨቱ አብጦ ይሆናል ብዬ እግሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ሳብኩ፣ ገፋሁ፣ ከዚያ በመዳፌ መምታት ጀመርኩ፣ የዘበኛችንን የአቶ ደምሴን ስም እየጠራሁ፣ ወንበራቸው እኮ ደረጃው ራስ ላይ ነው፣ መዳፌ እስኪግል መታሁ፣ ማንም የለም። ላብ ላብ ብሎኝ ስዞር ስክሪኑ ላይ ሁለት አዲስ መስመሮች አሉ።

«ተናጋሪ ሦስት፦ ቀስ በይ።»

«ተናጋሪ ሦስት፦ እኔም ብዙ መትቼዋለሁ።»

ወደ ላፕቶፑ ተመለስኩ። ልዘጋው እጄን ስሰድ ጋሽ ነስሩ፣ ምንም የማያዩት ሰው፣ እጄን ያዙኝ። «አትዝጊው። ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። እዚያው ወንበሩ ላይ ትንሽ የሆኑ መሰለኝ፣ ከዚያ ለሰው ተናግሬው አላውቅም ያሉትን ነገሩኝ። ሸረፋ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራቸው፣ ሱቁን አብረው ነው የከፈቱት፣ በዚያ ወጣት እየታደነ በሚገደልበት ክፉ ጊዜ ሸረፋ ይፈለግ ጀመር፣ ጋሽ ነስሩ ከሱቁ ጀርባ ባለችው መስኮት አልባ ዕቃ ቤት ደበቁት፣ አንድ ጀሪካን ውሃና ዳቦ ሰጥተው ከውጭ ቆለፉበት፣ «ማታ እመለሳለሁ» አሉት።

«እኔኑ መንገድ ላይ ያዙኝ፣ አሥራ አንድ ቀን አቆዩኝ፣ አንድ ሰው አለ ብዬ ብናገር የሚገድሉት እነሱ ናቸው፣ ዝም አልኩ። ስለቀቅ ሮጬ መጣሁ፣ ቁልፉ እንደቆለፍኩት ነው፣ ጣሪያው አልተነካም፣ ጀሪካኑ ባዶ ነው፣ እሱ የለም። ለእናታችን ሱዳን ገባ አልኳት፣ ደብዳቤ ስትጠብቅ ሞተች። አምና ሱቁ ሲፈርስ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ፣ አጥንት እንኳ ይወጣል ብዬ። አቧራ ብቻ ነው ልጄ።»

 አይዞዎት አልኩ መሰለኝ። ልባቸው ግን ወደ እኔ አልነበረም፣ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አዙረው በጉራጊኛ መናገር ጀመሩ። እኔ ጉራጊኛ አልሰማም፣ ማሽኑም አይሰማም፣ የእሳቸውን ንግግር ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር አድርጎ ነው የሚደፋው፣ ግን በየመሃሉ፣ እሳቸው ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር፣ ጥርት ያለ አማርኛ ይወጣል፣ አንዲት ፊደል ሳይሳሳት። ጆሮዬን አሹዬ ሰማሁ፣ ክፍሉ ውስጥ የእሳቸው ድምፅና የእኔ ትንፋሽ ብቻ ነው ያለው። እንዲያውም ያን ዝምታ ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ መልሱን አነባለሁ፣ ግማሹን ወሬ ብቻ ነው የምረዳው።

«ሰማሁህ» አነበብኩ።

እሳቸው ተናገሩ።

«ነጋ እንዴ?» አነበብኩ።

ተናገሩ።

«ውሃው አልቋል። ከረጢቱን ተንተርሼ ነው የተኛሁት። ስንት ቀን ሆነ?»

ይህን ሳነብ የራሴ ድምፅ የራሴ አይመስልም፣ እሳቸውም «ስንት ቀን ሆነ» ሲባሉ እኔን እኮ ነው ያዩት፣ በማያይ ዓይናቸው ፊቴን ነው የፈለጉት፣ እኔን እያዩ ነው ያለቀሱት። ላቁም ብል ማቆም አልቻልኩም፣ «ቀጥይ፣ በአላህ ቀጥይ» ይሉኛል፣ በሩ ዝግ ነው፣ አየሩ ከብዷል፣ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሞተ ይሁን ላልሞተ ሰው አፍ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ ጋሽ ነስሩ አንድ አጭር ነገር ጠየቁ። መልሱ ቶሎ አልወጣም። ሲወጣ እንዲህ ይላል።

«ተናጋሪ ሦስት፦ እሷ ትውጣ። አንተ ግባ።»

አላነበብኩትም።

«ምን አለ?» አሉኝ። «ልጄ፣ ምን አለ?» ክንዴን ጨብጠዋል፣ ፊታቸው ላይ ያለውን ተስፋ ብታዩት እናንተም እንደ እኔ ታደርጉ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። «በሰላም ሂድ ይልዎታል» አልኩ። «በቃ፣ በሰላም ሂድ።»

ስክሪኑ ላይ ምንም አልተጨመረም። ከኋላዬ በሩ ሲጥ የሚል ድምፅ አሰማ፣ ዞር ስል የጣት ያህል ተከፍቷል፣ የኮሪደሩ ብርሃን ገብቷል። ጋሽ ነስሩን ጎትቼ አወጣኋቸው ብል ይቀላል፣ እውነቱ ግን አልቸኮሉም፣ መውጫው ላይ ቆም ብለው ወደ ውስጥ ዞሩና አንድ ቃል በጉራጊኛ አሉ፣ ከዚያ ተከተሉኝ።

አቶ ደምሴ ደረጃው ራስ ላይ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። «ይህን ሁሉ ስመታ አልሰሙም?» ስላቸው ግራ ገባቸው፣ «ምኑን? እኔ የሰማሁት ስታነቢ ብቻ ነው፣ ደስ የሚል ንባብ ነበር» አሉኝ። መዳፌን አሳየኋቸው፣ ቀልቷል። 

ለአቶ ናሆም ምን ብዬ ልንገረው፣ አልነገርኩትም፣ እሱ ግን በማግስቱ ቅጂውን ከፍቶ አዳምጦ ጠራኝ። ድምፁን እኔም በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት፣ ሽማግሌው በጉራጊኛ ይናገራሉ፣ ጸጥታ፣ የእኔ ድምፅ፣ እንደገና ሽማግሌው፣ ጸጥታ፣ የእኔ ድምፅ። በሩን የመታሁበት የለም። «ሦስተኛ ብሎ የለየው የአንቺኑ የንባብ ድምፅ ይሆናል» አለኝ፣ «ግን ግሩም ነው፣ ጉራጊኛ እንደምትችይ አላወቅሁም ነበር፣ እየተረጎምሽ ነው የቀዳሽው»። አመሰገነኝ። ፈተናውን አለፍሽ ተባልኩ፣ ንብረት ክፍል ቀረልኝ፣ በምትኩ የቅጂ ክፍሉ ኃላፊ ተደረግሁ፣ ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ የምውለው እዚያች ምድር ቤት ነው። በሩን ወንበር አስደግፌ ክፍት አድርጌ ነው የምሠራው፣ ጥሩምባው እየገባ ቅጂ ያበላሻል ብለው ሁለት ጊዜ ተቆጥተውኛል።

ሌላ እንግዳ ሲቀዳ ሦስተኛ ተናጋሪ መጥቶ አያውቅም፣ ይህን ማለት አለብኝ። እኔም ለራሴ ዝናብ ነው፣ መብራት ነው፣ አዲስ ፕሮግራም ነው እያልኩ ልረሳው ደርሼ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ጋሽ ነስሩ መጡ። ንባብ ክፍል አልገቡም፣ ደረጃውን ግድግዳ ይዘው ቀስ ብለው ወርደው እኔ ጋ መጡ፣ ደኅንነቴን ጠየቁ፣ ልጆቼን ጠየቁ፣ ከዚያ «የዚያን ቀን መጨረሻ ላይ ያነበብሽልኝ፣ እንደዚያ ነው ያለው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«በሰላም ሂድ?»

«አዎ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ የጠየቅሁት እኮ የት ነው ያለኸው፣ ልምጣ ወይ ብዬ ነው» አሉ። «ሸረፋ ደግሞ በዕድሜው ለሰው በሰላም ሂድ ብሎ አያውቅም፣ ሰው ሲሸኝ ቶሎ ና ነበር የሚለው።»

ወረቀት ማስተካከል ጀመርኩ። እሳቸው አልተቆጡም፣ ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡና «ማሽኑን ክፈቺልኝ» አሉ። ተበላሽቷል፣ ጥገና ላይ ነው አልኳቸው፣ ማሽኑ ከፊቴ በርቶ። የስክሪኑ ሙቀት ተሰምቷቸው እንደሆነ አላውቅም፣ እጃቸውን ወደሱ ዘርግተው ትንሽ አቆዩት፣ ከዚያ ሰበሰቡት።

«ግድ የለም» አሉኝ ሲነሡ፣ «በሚቀጥለው ሐሙስ ይጠገናል።»

እውነቱን ልንገራቸው ወይስ አልንገራቸው እያልኩ ሳምንቱን በሙሉ እንቅልፍ የለኝም። ነገ ሐሙስ ነው።