የተጠማችው ጀልባ

ጀልባዋ ተጎታቹ ላይ ተጭና ካበቃች በኋላ ጭቅጭቁ ተጀመረ። ጀልባ ሠሪዋ ሸራ ትልበስ ትላለች፤ ፒካፑን የሚነዳው የእህቷ ባል አትልበስ ይላል። ይህ ሰው አፉ አያርፍምና ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ነው የሚለው።

«እትዬ፣ የበረሃውን ነፋስ የማውቀው እኔ ነኝ። ሸራ ካለበስሻት እኛ እሷን መጎተታችን ቀርቶ እሷ እኛን ትጎትተናለች።»

«አንተ ነፋሱን እወቅ፣ እኔ እንጨቱን ልወቅ። ፀሐይ ከመታው ሳንቃው ተኮማትሮ ይላቀቃል፤ በመገጣጠሚያው የጠቀጠቅኩት ጥጥና ዝፍት ይረግፋል። ወንፊት ይዘህላት ልትደርስ ነው?»

ወንፊት የማያሻት የእሱ ሚስት፣ የእሷ ታናሽ እህት ነበረች። ከበረሃው ማዶ ባለው ሐይቅ ውስጥ፣ ደሴት ላይ፣ ከሁለት ልጆቿ ጋር ተቀምጣለች። ሐይቁ ሞልቶ ደሴቲቱን እየዋጠ ነው፤ የነበረቻቸው ጀልባ ድንጋይ ላይ ተሰባብራለች። በመጨረሻ ስትደውል «ውሃው ደጃፋችንን አልፎ ገባ» አለች፤ ከዚያ ስልኳ ጠፋ። ሁለቱም የፈሩት አንድ ነገር ነው፤ የተጣሉት በመድኃኒቱ ላይ ነው።

ጀልባ ሠሪዋ አሸነፈች። ነገር ግን እንጨቱ ይተንፍስ ብላ ገመዱን ላላ አድርጋ አሰረችው፤ ይቺ ጥፋት የራሷ ናት።

ዛፍ የሚባል ነገር ካለቀበት ቦታ ሲደርሱ ነፋሱ አገኛቸው። ሸራው ቀስ ብሎ ተነፋ፣ ረገበ፣ ደግሞ ተነፋ። ጀልባ ሠሪዋ በስፖኪዮው አየችው። ከሸራው ሥር የተኛ ሰው የሚተነፍስ ይመስላል። ሬዲዮም አይቶታል። ድንገት ነፋሱ ከታች ገብቶ ሸራውን ወጠረው። ተጎታቹ ተወላገደ፣ አንድ ጎማ ከመሬት ተነሳ፣ ፒካፑም ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል አፋፍ ተንሸራተተ። ሬዲዮ መሪውን ታግሎ አቆመና ቢላ ይዞ ወረደ። ገመዱን በጣጥሶ ጣለው። ሸራው ሊበር ሲል እሷ ላዩ ላይ ተዘርራ ያዘችው።

«አላልኩሽም?»

ሸራውን ጠቅልላ ጀልባዋ ውስጥ ወረወረችው።

ከዚያ ወዲያ ተራው የፀሐይ ሆነ። ከኋላቸው ድምፅ መጣ፤ ቀጭ፣ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። አንድ ሰው ተቀምጦ ጣቶቹን የሚያንቋቋ ይመስላል። ሬዲዮ ድምፁን እንዳይሰማ ብዙ አወራ፤ የአማቱን፣ የጎረቤቱን፣ የነዳጅን ነገር አንስቶ ጣለ።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ አንድ ነጭ ሜዳ ውስጥ አስገባቸው። ከጎማው ሥር የቀንድ አውጣ ዛጎል ይንኮሻኮሻል። እዚህም እዚያም ጀልባ የሚታሰርባቸው ግንዶች ቆመዋል። ሜዳው በአንድ ወቅት ሐይቅ ነበር፤ ጀልባዎቹም አልሄዱም። በተርታ ተጋድመዋል፣ ሳንቃቸው ተላቆ፣ የጎድን አጥንታቸው ወጥቶ። አንዷ እንደታሰረች ናት። ቋጠሮው በጥንቃቄ የተቋጠረ ነው፤ ባለቤቷ ነገ መጥቼ እፈታታለሁ ብሎ የሄደ ይመስላል።

ሬዲዮ ፒካፑን አቆመ። ወርዶ ክንዱን በሁለት ሳንቃዎች መሀል ሰደደው፤ እስከ ክርኑ ገባ።

«ይሄን ያደረገው ፀሐይ ነው?»

«ፀሐይ ነው። ውሃ ያጣ እንጨት እንዲህ ነው የሚሞተው።»

ወደ ራሳቸው ጀልባ ተመልሶ መገጣጠሚያዋን በጥፍሩ ዳሰሰ። ጥፍሩ ሰመጠ። ማንም ሳያዘው ጀሪካኖቹን አወረደ።

«የምንጠጣውን?» አለችው።

«እኛ እስከ ነገ አንሰነጠቅም።»

ሸራውን በጀልባዋ ሆድ ውስጥ አነጠፈችው፤ እሱ ውሃውን እስከ ጠብታው አፈሰሰበት። ነፋስ አያገኘውም፣ እንጨቱም ይጠጣል። ቀድሞ ስላልመጣላት በራሷ ተናደደች። ሲነዱ ግን ከገሚሱ ስንጥቅ ውሃው ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ በነጩ ሜዳ ላይ ከኋላቸው ቀጭን ጥቁር መስመር ተሰመረ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ መሬቱ ከዳቸውና የተጎታቹ ጎማ ሰጠመ። ሲቆፍሩ ጀልባ ሠሪዋ ቀና አለች። በመስመሩ ላይ ጅቦች እየመጡ ነው። አይጮኹም፣ አይጣሉም፤ አፍንጫቸውን መሬት ላይ አድርገው ተራ በተራ ይራመዳሉ። ሬዲዮ የጎማ መፍቻውን አነሳ። ጅቦቹ አላዩትም፤ በአጠገቡ አልፈው የጀልባዋን ሆድ መላስ ጀመሩ። የምላሳቸው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። አንዷ በፊት እግሮቿ ተንጠላጥላ ሸራውን በጥርሷ ያዘችው።

«ሁሉንም ይወስዱታል» አለ በሹክሹክታ።

«ግማሹን እንስጣቸው።»

ጀልባዋ ላይ ወጥታ ገባች። ሸራውን በቢላው መሀል ለመሀል ቀደደችና የፊተኛውን ግማሽ፣ ውሃ እንዳዘለ፣ አርቃ ወረወረችው። ጅቦቹ ከበቡት፤ እንደ ጥጃ ይጠቡት ጀመር። ሁለቱ ጎማውን አውጥተው ሲነሱ አንዳቸውም ቀና አላሉም።

ብዙ ከራቁ በኋላ ሬዲዮ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጅቦቹን ተሳደበ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችው። ጉሮሮዋ ደርቆ ቃሉን በግድ አወጣችው።

ሲነጋጋ ሐይቁ ዳር ደረሱ። ከደሴቲቱ የቀረው የአንድ ቤት ጣሪያ ነው፤ ጣሪያው ላይ ሦስት ሰው። ጀልባዋን አወረዷት። የኋላዋ ጥብቅ ብሎ ተገጣጥሟል፤ ሸራ ያጣው ፊቷ ያፈሳል። ጀልባ ሠሪዋ ቀዘፈች። ዋና የማያውቀው፣ ጀልባ ላይ ወጥቶ የማያውቀው ሬዲዮ በተቆረጠ ጀሪካን እየጨለፈ ደፋ። ሚስቱንና ልጆቹን ተቀብለው ሲመለሱ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን አለፈ። ጃኬቱን አውልቆ ስንጥቁ ውስጥ ጠቀጠቀና በላዩ ተቀመጠ። ሐይቁ ዳር እስኪደርሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ሚስቱ ታመመ ብላ ፈራች።

እዚያው በግንባራቸው ተደፍተው ጠጡ። ቀና ሲሉ ትንሿ ልጅ ጣቷን ዘረጋች። ራቅ ብሎ፣ በዚያው ዳርቻ፣ ጅቦቹ ተደርድረው ይጠጣሉ። ጠብታውን ተከትለው ውሃው ድረስ መጥተዋል። ሰዎቹ ባሉበት ቆዩ። ጅቦቹ ጠጥተው ሲጨርሱ አንዷ ቀና አለችና፣ ውሃ ከአገጯ እየተንጠባጠበ፣ ሰዎቹን ሳይሆን ጀልባዋን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ሁሉም እንዳመጣጣቸው በተርታ ተመለሱ።

ሬዲዮ የተረፈውን ግማሽ ሸራ ሐይቁ ውስጥ ነክሮ አወጣና በጀልባዋ ፊት በኩል፣ ጥግ ጥጉን እየዳበሰ፣ አነጠፈው።

«ሸራ ያስፈልጋታል ብዬሽ አልነበር?» አለ።

ጀልባ ሠሪዋ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ እህቷን አንገቷን አቅፋ ብዙ አለቀሰች።