የጋሽ ታደሰ ቫን የኋላ ኤሲ

እኔ ስለ መንፈስ ምናምን ሲወራ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ዜና ነው፣ ሁለት ሰው ያላረጋገጠልኝን ነገር ጽፌ አላውቅም፣ ሶ ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ ፍርዱ የእናንተ ነው።

አክስቴ እትዬ ብዙነሽ በሳምንት ሦስት ቀን ኢንግልዉድ ሄደው የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ፣ የሚያመላልሷቸው ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ ምክንያቱም የአክስቴ ተሽከርካሪ ወንበር እንዳለ የሚገባው የእሳቸው አሮጌ ቫን ውስጥ ብቻ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ያ ሙቀቱ የበረታበት ሳምንት፣ አክስቴ መንገድ ላይ ቫኑ ውስጥ ራሳቸውን ሳቱ። ሐኪማቸው ለብቻዬ ጠርቶ፣ ሁለተኛ እንዲህ ሞቋቸው ከመጡ ልባቸው አይችለውም አለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ፌርፋክስ ላይ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለው ፓርኪንግ፣ ከጋሽ ታደሰ ጋር የቫኑን ኤሲ፣ ማቀዝቀዣውን፣ መፈተሽ ጀመርን። ጋርዴና ያለ መካኒክ ጋዙንም ኮምፕሬሰሩንም ቼክ አድርጎ ደህና ነው ብሏቸዋል፣ ፊልተሩን ራሳቸው ቀይረዋል፣ ከፊት ባለው የአየር ማውጫ ቴርሞሜትር ሰክተን ዐሥር ደቂቃ ስንጠብቅ አርባ አራት ፋራናይት አነበብኩ፣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከኋላ ግን፣ የአክስቴ ወንበር ከሚታሰርበት ቦታ በላይ፣ ጣሪያው ላይ ያሉት አራት ክብ ማውጫዎች ሁሉም ተዘግተዋል።

«እኛ ሐበሾች መቶ ዲግሪም ቢሆን ብርድ መታኝ እንላለን» አሉ ጋሽ ታደሰ እየሳቁ፣ «በሶፍት የጠቀጠቁብኝም አሉ።»

እኔም ሳቅኩ፣ አራቱንም ከፈትኩ፣ ቅዝቃዜው መጣ። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ልጽፍ ዝቅ እንዳልኩ ግን ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀና ስል አንደኛው ተዘግቷል። ፕላስቲኩ አርጅቶ ነው ብዬ ከፈትኩት፣ እጄን ሳላወርድ ከጎኑ ያለው ጠቅ አለ።

«ጋሼ፣ እዚያ ሆነው የሚነኩት ነገር አለ?»

«ምን እነካለሁ፣ እጄ መሪው ላይ ነው።»

«እስቲ ሞተሩን ያጥፉት።»

አጠፉት። አየሩ ቆመ፣ የሚገፋ ነገር የለም፣ እመኑኝ፣ ሦስተኛው ዓይኔ እያየ ቀስ ብሎ ዞረና ጠቅ አለ። አራተኛው ውስጥ ጣቴን ከተትኩ። ክዳኑ ጣቴን ገፋው፣ በኃይል አይደለም፣ ትልቅ ሰው «ተው ልጄ» ብሎ እጅ ገለል እንደሚያደርግ ያህል ነው።

ጋሽ ታደሰ ዞረው አይተውታል፣ ሳቃቸው የለም።

«ነገ አልወስዳቸውም» አሉ።

«ካልሄዱስ?»

አንድ ቀጠሮ ካለፋቸው በእጥበቱ ሳይወጣ የቀረው ውሃ ሳንባቸው ውስጥ እንደሚገባ ሁለታችንም እናውቃለን። «ኦኬ፣ አንተም ትመጣለህ» አሉኝ።

ጠዋት ገና በሦስት ሰዓት አስፋልቱ ይፋጃል። ከአክስቴ ፊት ካለው ወንበር ላይ ወደ ኋላ ዞሬ፣ ጣቴን ከራሳቸው በላይ ያለው ማውጫ ውስጥ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«ምን አጣበቀህ እዚያ?» አሉኝ።

«እንዳይዘጋ ነው እትዬ። እርስዎ ነዎት እንዴ የሚዘጉት?»

«እኔማ እጄ መቼ ይደርሳል» አሉና፣ ጎናቸው ወዳለው ባዶ ወንበር በዓይናቸው እያመለከቱ፣ ሰው እንዳይሰማ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ «እሳቸው ናቸው፣ ብርድ ይፈራሉ። በእድሜ ይበልጡኛል፣ ክፈቱልኝ ብል ነውር ነው ብዬ እየተቃጠልኩ ዝም አልኩ እንጂ።»

ከሦስታችን በቀር ቫኑ ውስጥ ሰው አልነበረም። ማን እንደሆኑ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ግን ጣቴ ላይ ያ ግፊት ጀምሯል፣ ጋሽ ታደሰም በመስታወቱ ያዩኛል፣ ኢንግልዉድ እስክንደርስ ጣቴን ከማውጫው አላወጣሁም።

ወንበራቸውን የሚይዝ ሌላ ቫን እየፈለግን ነው፣ እስካሁን አልተገኘም፣ አብሬያቸው እመላለሳለሁ። ባለፈው ሐሙስ አክስቴ ለብሰውት የመጡትን ጋቢ ጎናቸው ላለው ባዶ ወንበር ደረቡለት፣ ያን ቀን አንድም ማውጫ አልተዘጋም፣ አየሩ በረዶ ነበር፣ አክስቴም ደህና ገቡ። ከወረዱ በኋላ ጋቢውን ላቀብላቸው አነሳሁት፣ ከውስጥ በኩል ሰው አሁን እንዳወለቀው ይሞቃል።