ዝናብ ሲጥል ያመነው ሰው

ቦሰና ማልዳ በረቷን ከፈተች። በሬዋ የለም።

የፃግብጂ ሰው መጀመሪያ ጅብ በላው አለ። አጥንት አልተገኘም። ቀጥሎ የመንገድ ሌባ ነው አለ። ዳናም የለም። ባሏ የሞተባት ቦሰና ያላት ይህ አንድ በሬ ብቻ ነበር፤ ክረምቱ ደግሞ ደጃፍ ላይ ደርሷል። ሽማግሌዎቹ እንደ ጥንቱ አውጫጭኝ ተቀመጡ። ሌባው እስኪወጣ ድረስ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተነስቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም።

ጉባኤው ሳይፈታ ዝናብ ጣለ። ሸጋው የሚባል ገበሬ ብድግ አለና "እኔ ነኝ" አለ። ሰው ሁሉ ወደየማሳው ሮጠ።

ሳጅን አንዷለም ሸጋውን ሰቆጣ አምጥቶ፣ ቃሉ እንዲመዘገብ ዳኛ እስከዳር ፊት አቆመው። ሳይለፋ ያገኘው ሌባ ነውና ደስ ብሎታል።

"ያስገደደዎት አለ?" አለች ዳኛዋ።

"የለም።"

"በሬውን የት አደረሱት?"

"እንጃ፣ እመቤቴ።"

"የሰረቁትን በሬ የት እንዳደረሱት አያውቁም?"

ሸጋው አቀረቀረ። "ዝናቡ መጣ። ሰው ታግቷል። አንዱ እኔ ነኝ ካላለ አገሩ ሳይዘራ ሊቀር ነው። እውነቱ ኋላ ይወጣል ብዬ ነው።"

ዳኛዋ ቃሉን አልተቀበለችም። እንዲለቀቅ አዘዘች።

አንዷለም ግራ ገባው። "ታዲያ ማን ወሰደው?"

"አላውቅም፣ ሳጅን። መፈለጉ የእርስዎ ሥራ ነው። የእኔ ያመጡልኝን መመዘን ነው።"

ሳጅኑ ተናደደ። ፖሊስ ዳገት ቁልቁለት ሲል ይውላል፤ ዳኛ ወንበሯ ላይ ሆና ትለቃለች። ቢናደድም በሬውን ፍለጋ ወደ ፃግብጂ ተመለሰ።

"በሬሽን ከማን ጋር ታቀናጂ ነበር?" አላት ቦሰናን። በዚያ አገር አንድ በሬ ያለው ሰው፣ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል።

"ከገብረ ኪዳን።"

ገብረ ኪዳንን ማሳው ላይ አገኘው። ከጎረቤቱ ከምሳው በሬ ጋር ጠምዶ ያርሳል። ምሳውም አጠገቡ አለ።

"መቼ ተነጋግራችሁ ነው የተቀናጃችሁት?"

"ለፋሲካ ነው" አለ ምሳው፣ ነገሩ ሳይገባው።

"ለፋሲካ የቦሰና በሬ በረቷ ውስጥ ነበር።" ሳጅኑ ወደ ገብረ ኪዳን ዞረ። "እንደሚጠፋ በምን አወቅህ?"

ገብረ ኪዳን እርፉን ለቀቀ።

"መሬቷን አርሼ ምርቱን እኩል እንድንካፈል እንድትሰጠኝ ለመንኳት፤ እንቢ አለች። በሬ ካጣች ትሰጠኛለች ብዬ ነው።"

"የት ነው?"

"ሰሃላ፣ አማቼ ዘንድ።"

አንዷለም ይህን ቃል ብቻ ይዞ ሰቆጣ አልገባም። ከቦሰና ጋር ሰሃላ ድረስ በእግሩ ወረደ። በሬው ድምጿን ሰምቶ ገመዱን እየጎተተ መጣ። ሴትዮዋ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች።

ገብረ ኪዳን ችሎት ቀረበ፤ በሬውም ምስክሩም ተሟልቷል። ሳጅኑ ግን ከችሎቱ አልወጣም።

"የቀረ አለ?" አለች ዳኛዋ።

"የሸጋው ማሳ፣ ክብርት ዳኛ። እርስዎ ለቀቁት፤ አገሩ ግን አልለቀቀውም። በአፉ አምኗል፣ ከሌባ ጋር አንቀናጅም ብለው ያለውን አንድ በሬ ያለ ጥማድ አስቀሩበት። እውነተኛው ሌባ እስኪያዝ እነሱ ዘሩ፤ የእሱ ማሳ ጦሙን አደረ። ይህንንስ ማን ወሰደው ልበል? ማንን ላምጣልዎ?"

እስከዳር መዝገቡን ዘጋች።

"አላውቅም" አለች።

ውጭ ዝናቡ አባርቷል።